የግቢያችን ካሜራ ተሰረቀ፤ ከአፑ ላይ ላጥፋው ወይስ ልተወው?

የኮተቤዋ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:15

ሰላም ለሁላችሁም። ትናንት ለዛሬ አጥቢያ የእናቴን ግቢ ካሜራ ነቅለው ወስደውታል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፣ ስህተት ካለ ይቅርታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ኮተቤ ነው የምትኖረው፣ ከምታግዛት ልጅ ጋር ብቻ ናት። እኔ ገርጂ ነኝ። ካሜራውን አምና ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ ይዞት መጣና በሩ ላይ አስገጠመው፣ እሱም እኔም በስልካችን እናያለን። ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እማዬ ደወለች። «ያ የበሩ ላይ ነገር የለም» አለችኝ። ወድቆ ነው ብዬ ነበር። ሄጄ ሳይ ገመዱ በፒንሳ ተቆርጦ ጫፉ ተንጠልጥሏል፣ ብሎኑ ሳይቀር ከግድግዳው ወልቋል። ቆጣሪያችን ከአጥሩ ውጪ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን አጥፍተው ነው የሠሩት። አፑ ላይ ከሌሊቱ 9:12 ጀምሮ ኦፍላይን ይላል።

ሌላ ነገር አልነኩም። በር አልሰበሩም። እኔን ያስጨነቀኝ ዋጋው አይደለም። ካሜራው ውስጥ 64 ጊጋ ሚሞሪ አለ። እናቴ ስንት ሰዓት ኪዳን እንደምትሄድ፣ ቤቱ መቼ ባዶ እንደሚሆን፣ ማን እንደሚመጣ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ተቀርጿል። ያንን ይዘው ነው የሄዱት።

ወንድሜ አሁኑኑ ከአፑ ላይ አጥፊው፣ ሌባው በእኛ አካውንት ገብቶ እንዳያይ ይላል። የገጠመልን ልጅ ደግሞ ተዪው ሌላ ግዙ አለኝ። ፖሊስ ጋ ልሂድ ወይስ ለአንድ ካሜራ ብሎ ማንም አይሰማኝም? እባካችሁ ያጋጠመው ሰው ካለ ይንገረኝ።


ገጣሚው
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:40

እህቴ አይዞሽ። ካሜራ መግጠም ከጀመርኩ 9 ዓመቴ ነው፣ ይሄ ጥያቄ በየወሩ ይመጣልኛል።

ከአፑ ላይ አታጥፊው! ለወንድምሽም አሁኑኑ ደውለሽ ንገሪው፣ እሱም ማጥፋት ይችል ይሆናል። ምክንያቱን ልንገርሽ። ብዙዎቹ የዋይፋይ ካሜራዎች በአንድ አካውንት ላይ ይታሰራሉ። ባለቤቱ ራሱ እስኪለቀው ድረስ ሌላ ሰው ወደ ራሱ አፕ ሊያስገባው ሲሞክር «ይህ መሣሪያ በሌላ አካውንት ተመዝግቧል» ይለዋል። ለምሳሌ ኢዝቪዝ የሚባለው ብራንድ ላይ የሪሴት ቁልፉን (ወደ ፋብሪካ ሁኔታው የሚመልሰውን) ቢጫነውም ከአንቺ አካውንት አይወጣም። አንቺ ስታጠፊው ግን ካቴናውን በገዛ እጅሽ ፈትተሽ ለሌባው ሰጠሽው ማለት ነው። በሪሴት ብቻ የሚለቁ ብራንዶችም አሉ፣ ግን ያኔም ቢሆን ባለማጥፋትሽ የሚቀርብሽ ነገር የለም።

ሌባው በእናንተ አካውንት ገብቶ አያይም። ካሜራው የአካውንታችሁን ፓስዎርድ ለያዘው ሰው አያሳየውም። በውስጡ ያለው የዋይፋያችሁ ፓስዎርድ ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ የራውተሩን ፓስዎርድ ቀይሪ። ለጥንቃቄ የአፑንም ቀይሪ፣ ሁለተኛ ማረጋገጫ ካለው ክፈቺው፣ አካውንቱን ሼር ያደረጋችሁት ሌላ ሰው ካለ እዩ።

ከዚያ አፑ ውስጥ ያሉትን የማንቂያ ፎቶዎችና አጫጭር ቪዲዮዎች በሙሉ ወደ ስልክሽ አውርጂ። ክላውድ ላይ ያለው ቀኑ ሲደርስ በራሱ ይሰረዛል። መሣሪያው ከአፑ ሲጠፋ ቪዲዮውም አብሮ የሚጠፋበት ብራንድ አለ። ኦፍላይን የሆነበትን ሰዓት ስክሪንሾት አድርጊ። ካርቶኑን ፈልጊ፣ ሲሪያል ቁጥሩ እሱ ላይ አለ። ካርቶኑ ከተጣለ አፑ ላይ የመሣሪያው መረጃ የሚል ቦታ ግቢ፣ እዚያም ይገኛል። ያንን ካጠፋሽው ቁጥሩንም አጣሽ።

ስለ ሚሞሪው ልዋሽሽ አልፈልግም። ኢንክሪፕት ካልተደረገ (በሚስጥር ቁልፍ ካልተቆለፈ) አውጥቶ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ማየት ይችላል። አብዛኛው ሌባ ሚሞሪውን አጥፍቶ ስልክ ላይ ነው የሚጠቀምበት ወይም ይሸጠዋል። ግን እንዳየው ቆጥራችሁ ተጠንቀቁ። እናትሽ ለጥቂት ሳምንት የምትወጣበትን ሰዓት ትቀያይር፣ ቁልፍ የምታስቀምጥበት ቦታ ካለ ቀይሩት።


ቀበና ልጅ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:05

ፖሊስ ጋ መሄድ ጊዜ ማባከን ነው። የኔ ስልክ ተሰርቆ 3 ቀን ተመላለስኩ፣ ምንም የለም። ገንዘብሽን አውጥተሽ ሌላ ግዢ፣ ከፍ አድርገሽ ስቀዪው።


ጡረተኛው
ማክሰኞ፣ ከረፋዱ 4:20

ከላይ የጻፍከው ወንድሜ፣ መመላለሱ እንደሚያሰለች አውቃለሁ። 26 ዓመት በምርመራ ክፍል ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት፣ ከጠረጴዛው ወዲህም ወዲያም ተቀምጬ አይቻለሁ። ግን ልጅቷ እንዳትሄድ አትምከራት። ዕቃ ሲያዝ አይቻለሁ። በአንድ ቤት 30 ስልክ፣ 5 ላፕቶፕ፣ የመኪና መስታወት ሳይቀር ይገኛል። ባለቤት ነኝ ብሎ በሲሪያል ቁጥር ያስመዘገበ ስለሌለ ግን ዕቃው ኤግዚቢት ክፍል ውስጥ አቧራ ይጠጣል። ሌባውም በአንድ ዕቃ ብቻ ተከሶ ይወጣል። ከተመዘገበ ፈልገው ይደውሉልሻል።

ልጄ፣ ዛሬውኑ ሂጂ። የምትሄጂው ቤቱ ወዳለበት አካባቢ ፖሊስ ጣቢያ ነው፣ ገርጂ አይደለም። እናትሽም አብረው ቢሄዱ ጥሩ ነው፣ የግል ተበዳይ እሳቸው ናቸው። መታወቂያ፣ ካርቶኑን፣ ደረሰኝ ካለ ደረሰኝ፣ የቆጣሪውንና የተቆረጠውን ገመድ ፎቶ ያዙ። የተቆረጠውን ገመድ አትጣሉት፣ አትጠግኑትም፣ ፖሊስ መጥቶ ይየው። ቃላችሁን ከሰጣችሁ በኋላ የመዝገቡን ቁጥርና የመርማሪውን ስልክ ጽፋችሁ ያዙ። ያለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት ስትመለሱ እንደ አዲስ ነው የምትጀምሩት።

አንድ ነገር በጣም ተጠንቀቁ። ሰዓት። ካሜራ የሚጽፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 03:12 ካለ በእኛ ከሌሊቱ 9:12 ነው። እኔ ራሴ የማውቀው መዝገብ አለ፤ ተበዳዩ «ሌሊት 3 ሰዓት» ብሎ ቃሉን ሰጠ፣ ያም እንደ ምሽቱ 3 ሰዓት ተጻፈ። ተጠርጣሪው ምሽት 3 ሰዓት ላይ ሥራ ቦታው እንደነበር በምስክር አስረዳና ወጣ። ቀኑም እንደዚያው ነው። በእኛ አቆጣጠር ተናገሩ፣ ካሜራው ላይ የሚታየው የፈረንጅ ቀንና ሰዓት መሆኑንም በቃላችሁ ውስጥ አስጽፉ።

ለቀጣይ ደግሞ፣ ሌባው ግቢ ውስጥ እያለ በስልካችሁ ካያችሁት 991 ደውሉ። ራሳችሁ ወጥታችሁ አትጋፈጡ።


ሲልቨር ስፕሪንግ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10:30

እኔም እንደ ወንድምሽ ነኝ። እናቴ ጎፋ ናት፣ ካሜራዋን ከዚህ ሆኜ ነው የማየው። ደንግጦ አጥፊው ማለቱን በደንብ እረዳዋለሁ። ሩቅ ሆነህ ምንም ማድረግ ሳትችል ስትቀር ቢያንስ አንድ ቁልፍ መጫን ትፈልጋለህ።

እዚህ አሜሪካ የበር ደወል ካሜራ ስርቆት የተለመደ ነው። የኔ ሪንግ አምና ተሰርቆ የፖሊስ ሪፖርት ልኬላቸው በነፃ ተክተውልኛል። የቤት ኢንሹራንስ ግን ለአንድ ካሜራ አያዋጣም፣ መጀመሪያ ከኪስህ የምትከፍለው 500 ወይም 1,000 ዶላር ከካሜራው ዋጋ ይበልጣል። ከዚህ ተገዝቶ ለተላከ ካሜራ ይሄ ሁሉ አዲስ አበባ ላይ አይሠራም፣ ስለዚህ እሱን ተስፋ አታድርጉ።

ወንድምሽ ግን ሊጠቅማችሁ የሚችልበት ነገር አለ። አዲስ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን እዚህ በሙቀቱ ወራት ምሽት 2 ሰዓት ነው፣ በብርዱ ወራት ምሽት 1 ሰዓት። እናንተ በከባድ እንቅልፍ ላይ ስትሆኑ እኛ ራት በልተን ሶፋ ላይ ነን። ከዚህ የተሻለ የሌሊት ዘበኛ ከየት ይገኛል? እኔ ካሜራው ድንገት ከጠፋ ስልኬ እንዲጮህ አድርጌዋለሁ። ብዙ አፕ ላይ ኦፍላይን ሲሆን አሳውቀኝ የሚል ምርጫ አለ፣ ሰው አይከፍተውም እንጂ። የ3 ጎረቤቶች ስልክ ይዣለሁ። ከ10 ደቂቃ በላይ ከጠፋ መጀመሪያ አጠገባችን ላለው ጎረቤት ደውዬ «መብራት አለ?» እላለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ከጠፋ ችግር የለም። የእኛ ብቻ ከሆነ ይወጣሉ። ጎረቤቶቹ እናቴን በእድር ነው የሚያውቋት፣ አንድም ቀን ሰልችተውኝ አያውቁም።


የኮተቤዋ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:00

በጣም ነው የማመሰግናችሁ። ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጣችሁ ብሏል፣ አላጠፋውም።

ጣቢያ ሄደናል። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጠበቅን፣ ግን መርማሪው ደህና ሰው ነው፣ ካርቶኑን ሲያይ «ይህን የሚያመጣ ሰው ብርቅ ነው» አለ። ሲሪያሉን ጻፈ። ሰዓቱንም ልክ እንዳላችሁት በሁለቱም አቆጣጠር አስጻፍኩ።

አፑ ላይ የስርቆቱ ቪዲዮ የለም፣ መብራቱን ቀድመው ስላጠፉት። ግን 02:41 ላይ፣ በእኛ ከሌሊቱ 8:41 ማለት ነው፣ የ12 ሰከንድ ክሊፕ አገኘሁ። ኮፍያ ያደረገ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ ቀና ብሎ ካሜራውን ያያል። ከዚያ ወደ ቆጣሪው ሄደ። ግማሽ ፊቱ ይታያል። ያን ሌሊት ስልኬ ማንቂያ ልኮልኝ ነበር። ተኝቼ ነበር። ድመት ባለፈ ቁጥር ስለሚጮህ ድምፁን ካጠፋሁት ቆይቻለሁ። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ፊት ለፊታችን ያሉት ጎረቤቶችም ካሜራ አላቸው። ጠይቄያቸው ነበር፣ «በዚያ ሰዓት ምንም የለም» አሉኝ።


ገጣሚው
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:20

የጎረቤቶቹን ዲቪአር (የካሜራውን ምስል የሚቀርጸውን ሳጥን) ሰዓት አይተሻል? በዚህ ሰዓት ምንም የለም የሚባለው ግማሹ በሰዓት ስህተት ነው። ከፋብሪካ ሲመጣ በቤጂንግ ሰዓት ላይ የሚቀር ዲቪአር ሞልቷል። ቤጂንግ ከእኛ 5 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ 02:41 ላይ የሆነውን 07:41 ላይ ፈልጊ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚመለስበትም አለ፣ ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስትሞት።

ነገውኑ እዪው። ዲቪአር ሃርድ ዲስኩ ሲሞላ ከአሮጌው ጀምሮ ራሱ ላይ ይቀርጻል። አንዳንዱ ጋ 2 ሳምንት ይቆያል፣ አንዳንዱ ጋ 4 ቀን። ስታገኚው መጀመሪያ ስክሪኑን በስልክሽ ቅረጪው፣ የዲቪአሩ የአሁን ሰዓትና የስልክሽ ሰዓት በአንድ ላይ እንዲታዩ አድርገሽ። ልዩነቱ ስንት እንደሆነ ማስረጃ ይሆንሻል። ከዚያ በፍላሽ ቅጂ።


ጡረተኛው
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:10

ልክ ነው። ጎረቤቶቹ ፈቃደኛ ካልሆኑ አትጨቃጨቂ፣ ለመርማሪው ንገሪው፣ እሱ ይጠይቃቸው። ፈቃደኛ ከሆኑም ቅጂው ለፖሊስ ይሰጥ እንጂ በሰፈሩ አይዙር። የዚያ ቤት ሰዎች መውጫ መግቢያም እዚያ ላይ አለ።


ጀሞ 2
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1:50

የኔ ትንሽ ለየት ይላል፣ ግን ለሌላ አንባቢ ይጠቅማል። ሱቄ ውስጥ 4 ካሜራ ነበረኝ። ካሜራዎቹን አልነኳቸውም። የወሰዱት ዲቪአሩን ነው። ሌባው ቪዲዮው የት እንዳለ ያውቃል። እኔ ደግሞ ሂሳብ የምሠራበት ጠረጴዛ ስር፣ ከሞኒተሩ አጠገብ አስቀምጬለት ነበር። 4ቱም ካሜራዎች ምንም ሳይሆኑ ሌሊቱን ሙሉ የት እንደገባ የማይታወቅ ምስል ሲልኩ አደሩ።

አሁን ዲቪአሩን ኮርኒስ ውስጥ፣ ብረት ሳጥን ውስጥ ቆልፌዋለሁ። ሳጥኑን የሠራልኝ በያጅ መጀመሪያ ድፍን አድርጎት በ2 ሳምንት ሃርድ ዲስኩ ተቃጠለ። አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ይኑረው፣ ሃርድ ዲስክ ሙቀት አይችልም። የድሮውን የተበላሸ ዲቪአር ደግሞ ሞኒተሩ አጠገብ ገመድ ሰክቼ አስቀምጬዋለሁ። ከመጡ እሱን ይውሰዱ።


የኮተቤዋ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 7:30

ገጣሚው፣ ስላንተ ጸሎት አደርጋለሁ። ልክ 5 ሰዓት ይቀድማል! 08:12 ላይ ሁለት ልጆች ይታያሉ። አንዱ ቆጣሪውን ሲያጠፋ፣ ሌላው የጎረቤቶቻችንን ድንጋይ አምጥቶ ላዩ ላይ ሲቆም በግልጽ ይታያል። 4 ደቂቃ እንኳን አልፈጀባቸውም። ለመርማሪው በፍላሽ ሰጥቼዋለሁ።

እማዬ ቪዲዮውን አይታ ዝም አለች። ከዚያ «የማን ልጆች ይሆኑ?» አለች። ሌላ ምንም አላለችም።


የኮተቤዋ
እሁድ፣ ከምሽቱ 1:35

እባካችሁ ያለ ሰው በፍጥነት ይመልስልኝ!!

ካሜራው ኦንላይን ሆነ። አሁን፣ ከ20 ደቂቃ በፊት። ስልኬ ጮኸ፣ ሳይ የማላውቀው ሳሎን ነው። ቢጫ መጋረጃ፣ ቴሌቪዥን፣ አንድ 9 ወይም 10 ዓመት የሚሆነው ልጅ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ የቤት ሥራ ይሠራል። አንዲት ሴት ቡና እየቆላች ነው። ድምፃቸው ይሰማል። ሰውየው ስልኩን ይዞ ወደ ካሜራው እየመጣ «አሁንም እምቢ አለ፣ ተመዝግቧል ይላል» ይላታል።

ልናገራቸው? ማይኩን ከፍቼ «የናንተ አይደለም» ልበል? ወንድሜ ሳይረኑን ልልቀቀው እያለ ነው።


ቀበና ልጅ
እሁድ፣ ከምሽቱ 1:41

ቪዲዮውን ቅረጪና ቲክቶክ ላይ ልቀቂው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማን እንደሆኑ ታውቂያለሽ!!


ገጣሚው
እሁድ፣ ከምሽቱ 1:44

ምንም አትናገሪ። ሳይረን የለም። ከደነገጡ ነቅለው ይጥሉታል፣ ሁሉም ነገር አበቃ።

አሁን ይህን አድርጊ። የስልክሽን ስክሪን መቅረጫ ከፍተሽ 1 ወይም 2 ደቂቃ ቅረጪ፣ ቀንና ሰዓቱ እንዲታይ። ከዚያ የካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርክ የሚለውን ክፈቺ። አሁን የተገናኘበት የዋይፋይ ስም ይታያል። እሱን ስክሪንሾት አድርጊ። ብዙ ሰው ዋይፋዩን በራሱ ስም ወይም በሱቁ ስም ነው የሚሰይመው።

ከዚያ ዝጊው።


ጡረተኛው
እሁድ፣ ከምሽቱ 1:52

ልጄ፣ ተረጋጊ። ገጣሚው ያለሽን አድርጊና ለመርማሪው አሁኑኑ ደውዪለት፣ ካላነሳ መልእክት ላኪለት፣ ነገ ጠዋት በራሱ እጅ ስጪው።

ቲክቶክ ያልከው ወንድሜ፣ እባክህ ተው። ቡና የምትቆላው ሴት ሌባ ናት ብለህ ነው? ሌባ ካሜራ ሰርቆ ሳሎኑ ውስጥ አይሰቅልም፣ ይሸጣል። እነዚህ ሰዎች ገዝተውት ይሆናል። የልጅ ፊት ደግሞ አለ። አንድ ጊዜ «ሌባ ቤተሰብ» ተብሎ ከወጣ ያ ልጅ ትምህርት ቤት እንዴት ይገባል? በሕግም ቢሆን የሰው ሳሎን ውስጥ የተቀረጸ ምስል መበተን ራሷን ልጅቷን ሊያስጠይቃት ይችላል። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ለቀልድ አልወጣም። ለፖሊስ መስጠት ሌላ ነገር ነው።

ሕጉን ባጭሩ ላስረዳ። ስርቆት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665 ነው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የሚገዛ ወይም የሚደብቅ ደግሞ በአንቀጽ 682 በመሸሸግ ይጠየቃል። እነዚህ ሰዎች አውቀው ይሁን ሳያውቁ መርማሪው ያጣራዋል። ዕቃው ግን የእናንተ ነው፣ የተሰረቀን ዕቃ ባለቤቱ ከገዢው ላይ ማስመለስ ይችላል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቅን ልቦና ከሕዝብ ገበያ ወይም ያንን ዕቃ ከሚነግድ ሱቅ የገዛ ሰው ግን የከፈለውን ዋጋ የመጠየቅ መብት አለው። ስለዚህ በጠላትነት አትሂዱ።


ሲልቨር ስፕሪንግ
እሁድ፣ ከምሽቱ 2:15

ወንድምሽን አፑን ለዛሬ እንዲዘጋው ንገሪው። የሰው ቤት ነው። እኔ ብሆንም እንደ እሱ አፍጥጬ የማድር ይመስለኛል፣ ግን አስፈላጊው ነገር ተቀርጿል። ከዚህ በኋላ ማየቱ ለናንተ ምንም አይጨምርም፣ እነሱ ደግሞ እየታዩ መሆናቸውን አያውቁም።


የኮተቤዋ
እሁድ፣ ከምሽቱ 2:30

ዘግተነዋል። የዋይፋዩ ስም የአንድ ሱቅ ስም ነው። እዚህ አልጽፈውም። መርማሪው አንስቷል፣ ነገ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነይ ብሎኛል።


ጀሞ 2
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:00

የኮተቤዋ ምን ላይ ደረሰ? ከእሁድ ጀምሮ በየሰዓቱ እየከፈትኩ ነው የማየው።


የኮተቤዋ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:10

ይቅርታ ዘገየሁ። ሁለት ቀን ስሮጥ ነበር። ሁሉንም ልንገራችሁ።

ሰኞ መርማሪው የሱቁን ስም ይዞ አፈላልጎ አገኘው። ከእኛ ቤት በታክሲ 15 ደቂቃ ይሆናል። ሰውየው ከፊት ሱቅ አለው፣ ከኋላ ይኖራል። ትናንት ሁለት ፖሊሶችና እኔ ሄድን። እማዬም ካልሄድኩ ብላ ነጠላዋን አድርጋ መጣች። ካሜራው ቴሌቪዥኑ ላይ ተቀምጧል። መርማሪው ገልብጦ ሲሪያሉን ከካርቶኑ ጋር አስተያየው፣ አንድ ነው። ሰውየው ላብ በላብ ሆነ። ቅዳሜ ከገበያ፣ መንገድ ላይ ዕቃ ዘርግቶ ከሚሸጥ ልጅ በ1,800 ብር ነው የገዛሁት አለ። የገዛው ሱቁ ውስጥ ዕቃ እየጠፋበት ስለተቸገረ ነው። ሚስቱ ማልቀስ ጀመረች፣ ልጁ ጥግ ላይ ቆሞ ያየናል። እሁድ ዕለት ሳይረን ለቀን ቢሆን ኖሮ እያልኩ አሰብኩ።

ሰውየው የሸጠለትን ልጅ መልክ ያውቀዋል። ቪዲዮውን አሳዩትና ድንጋዩ ላይ የቆመው እሱ ነው አለ። አሁን እያፈላለጉት ነው። ቃሉን ሰጥቷል፣ ካሜራው ለጊዜው በኤግዚቢትነት ጣቢያ ነው ያለው፣ በፊርማ እንረከባለን ብለውናል።

እማዬ ከጣቢያ ስንወጣ ሰውየውን ጠርታ 1,800 ብሩን ሰጠችው። እኔ አንሰጥም ብዬ ተከራክሬ ነበር፣ ፖሊሱም ይህ ገና አልተወሰነም ብሏት ነበር። ጡረተኛው የጻፉትን አንብቤላት ነበርና «ሕጉም እኮ ይላል» አለችኝ። ሰውየው እምቢ አለ፣ እሷ ኪሱ ውስጥ ከተተችው።

ሚሞሪው ግን የለም። ሰውየው ሲገዛው ባዶ ነበር። ከዚህ ሁሉ በኋላ ያ አልተገኘም።


ገጣሚው
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:40

እንኳን ደስ ያላችሁ። እናትሽን እግዜር ያኑርልሽ።

ስትረከቡት ሪሴት አድርጉትና አዲስ ፓስዎርድ ስጡት፣ ሶፍትዌሩንም አድሱ። አዲስ ሚሞሪ ስታስገቡ ኢንክሪፕሽኑን ክፈቱ። ልብ በሉ፣ አንዳንዱ ካሜራ ላይ የኢንክሪፕሽኑ ቁልፍ ከፋብሪካ ሲመጣ ካሜራው ጀርባ ላይ የተለጠፈው ኮድ ራሱ ነው። ሌባው ካሜራውን ሲይዝ ኮዱንም ያዘ። ስለዚህ ቀይሩት።

ቁመቱ ስንት ነበር?


የኮተቤዋ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:55

ከመሬት 2 ሜትር ቢሆን ነው። ከድንጋዩ ጋር እጁ ደርሶታል።


ገጣሚው
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:10

ዝቅ ብሏል። 3 ሜትር አድርጊው። ከዚያ በላይ ከሰቀልሽው ደግሞ የሚያይልሽ የሰው አናት ብቻ ነው፣ ፊት አይታይም። ያን ድንጋይ ከዚያ አስነሺው፣ መሰላልም ውጪ አታሳድሩ። ገመዱ በግድግዳው ውስጥ ይለፍ ወይም ብረት ቱቦ ውስጥ ይግባ፣ በፒንሳ የሚቆረጥ ገመድ ውጪ አይታይ። ከተቻለ ሁለተኛ ካሜራ ከቤቱ በኩል በሩን እንዲያይ አድርጊ፣ አንዱ ሌላውን ይጠብቀው።

ዋናው ግን መብራቱ ነው። ለራውተሩና ለካሜራው አንድ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያሠራ) ግዢ፣ ሳጥኑ ከመጽሐፍ አይበልጥም፣ ለጥቂት ሰዓት ይይዝልሻል። ቆጣሪውን ቢያጠፉም ካሜራው ይቀርጻል፣ ቪዲዮውም ይላካል። ለማንቂያው ደግሞ ሰው ብቻ ሲያይ እንዲጮህ የሚል ምርጫ ካለው ክፈቺው፣ ድመቷ አታስቸግርሽም፣ ድምፁንም ማጥፋት አያስፈልግሽም።


ሲልቨር ስፕሪንግ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:30

ወንድምሽ ከፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ የኦፍላይን ማንቂያውን እንዴት እንዳስተካከልኩት አሳየዋለሁ። የጎረቤቶቹን ስልክ ግን አንቺ ሰብስቢለት።


የኮተቤዋ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1:20

እሺ፣ እነግረዋለሁ። የ4 ጎረቤት ስልክ ትናንት ማታ ሰብስቤያለሁ፣ የፊት ለፊቶቹም አሉበት። የዲቪአራቸውን ሰዓትም አስተካክለንላቸዋል።

እማዬ ዛሬ ኪዳን የሄደችው በወትሮው ሰዓት አይደለም። የፊት ለፊት ጎረቤታችን መጥታ ወስዳታለች፣ ሚሞሪው እስኪገኝ ድረስ አብረን ነው የምንሄደው ብላለች። መርማሪው አርብ ደውዪልኝ ብሎኛል። አዲስ ነገር ካለ እዚሁ እጽፋለሁ።